ጎድን ለጎረቤት

«ነግሬሻለሁ። ይህ ሥጋ በዚህ ቤት አይበላም።»

«ሥጋው ምን አጠፋ?»

«አላጠፋም። ተናገረ።»

«አሳማ ስቀቅል ነው ያረጀሁት፤ የሚናገር ሥጋ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ምን አለህ?»

የሮንጉር አባት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ የዓሣ መረቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የተበጠሰውን ይቋጥር ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የቋጠረውን መልሶ ሲፈታ ግን ሚስቱ አይታዋለች። ሥጋው ምድጃው አጠገብ በሙዝ ቅጠል ላይ ተቀምጧል። ጥሩ ጎድን ነው፤ ስቡ የነጣ፣ በተሳለ ቢላ የተቆረጠ። ትናንት ከማሩዱት የቤት ምረቃ ተጠቅልሎ የመጣ ድርሻቸው ነው።

«ጎድን ለማን ነው?» አላት በመጨረሻ፣ ከመረቡ ቀና ሳይል።

«አንተው ታውቀዋለህ።»

«ንገሪኝ እስቲ። ረስተሽው ከሆነ ልወቅ።»

«ጎድን ለጎረቤት ነው» አለች በረጅሙ ተንፍሳ።

«መንጋጋስ?»

«ለእናት ወንድም።»

«የማሩዱት እናት ወንድም ማን ነው?»

«አንተ ነህ። እሱንም አልረሳሁትም።»

«እኮ» አለና መረቡን ወደ ጎን ገፋው። «አገር በተሰበሰበበት ለእኔ ጎድን አመጡልኝ። ሰሀኑን ፊቴ ሲያስቀምጡት የቶጋር አባት አየ። አይቶ ወደ ሩዙ አቀረቀረ። ሰው ወደ ሩዙ የሚያቀረቅረው መቼ ነው?»

«ሲርበው።»

«ሲያፍር ነው። ለሌላ ሰው ሲያፍርለት።»

«መጀመሪያ እንድትናገር የተጠራኸው አንተ አይደለህ? ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ያንተን ምርቃት አልጠበቀም?»

«እሱ ነው ብልሃቱ። ቃሉን ሰጥተው ሥጋውን ነሱኝ። ቃል አየር ላይ ይቀራል። ሥጋ ግን ተጠቅልሎ በመንገድ ያልፋል፤ ያየው ሁሉ ምንድን ነው ይላል፤ ቤት ይገባል። ሰውን ማዋረድ የፈለገ ምላሱን አይነካውም፣ ሰሀኑን ነው።»

የሮንጉር እናት ቅጠሉን በሥጋው ላይ አጠፈችና ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። «እንግዲያው ተናግሮ እስኪጨርስ እዚያ ይቆይ» አለች።

ማሩዱት የሟች እህቱ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ገና መረብ መጎተት የማይችል ልጅ ነበር፤ እዚሁ ቤት በልቶ፣ የልጃቸውን የሮንጉርን ቁምጣ ለብሶ አደገ። ኋላ ባታም ወደሚባለው ደሴት ወርዶ መርከብ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ብየዳ ተማረ፣ ሚስት አገባ። ሮንጉር ጃካርታ ገብቶ እዚያው ቀረ። ማሩዱት ግን አምና ተመልሶ መጣና በሐይቁ ዳር ቤት ጀመረ። የሮንጉር አባት ይህን አንዳንዴ በልቡ ያመላልሰዋል፦ ሰው ከባታም ወደዚህ ምን ፍለጋ ይመለሳል?

ማሩዱት ጥሩ ድምፅ ነበረው። የሴቶቹን መዘምራን ያዘ። ማክሰኞ ማክሰኞ የመጽሐፍ ቅዱሱን ጥናት ሲመራ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን የሮንጉር አባት በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት በኩል ሲያልፍ፣ ሽንኩርት እየላጡ ሲሳሳቁ ሰማቸው። «የሮንጉር አባት ሲጸልይ ሩዙ ይቀዘቅዛል» አለች አንዷ፤ «ማሩዱት ሲጸልይ ሩዙ ራሱ አሜን ይላል።» ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑን እሱም ያውቃል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማሩዱትን በጎሪጥ ማየት ጀመረ።

ቄሱ የብዙ መንደር ቄስ ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ በሌላው እሑድ ሽማግሌዎቹ በየተራ ይሰብካሉ። የሮንጉር አባት የሽማግሌዎቹ አለቃ ነው። ባለፈው እሑድ ማሩዱት ለሽማግሌነት መታጨቱ በማስታወቂያ ተነግሯል። በሚመጣው እሑድ ለሁለተኛ ጊዜ ይነበብና ተቃውሞ ያለው ይናገር ይባላል፤ ዝም ከተባለ ነገሩ ጸደቀ። ሌላ ሰው ቢናገር ይመረመራል። አለቃው፣ ያውም የእናቱ ወንድም ከተናገረ ግን የሚመረምር የለም፤ ማሩዱት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ልኩን ከሕዝቡ አግዳሚ አይነሣም። የዚያ እሑድ ሰባኪም የሮንጉር አባት ነበር። የዕለቱ ንባብ ስለ ንጉሥ ሳኦል ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጀልባዎቹ ወረደ። የቶጋር አባት ሞተሩን ፈቶ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ከሮንጉር አባት ጎሳ ሚስት ስላገባ እርስ በርሳቸው አማች ይባባላሉ፤ መቀለድም ይችላል።

«አማቼ፣ የትናንቱ ጎድን ጥሩ ነበር» አለው።

«አይተኸዋላ።»

«ሽታውን ነው ያየሁት።»

«ሩዝህ ላይ አቀርቅረህ ነበር።»

«አጥንት ጥርሴ መሀል ገብቶ ነው እንጂ።» የቶጋር አባት ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያይ ተወው። ሰው ሲከፋው ዝም ማለት የማይችል ሰው ስለሆነ ሌላ ወሬ ፈለገ፤ የተገኘለት ግን የባሰ ሆነ። «ያ የእህትህ ልጅ ታታሪ ነው መቼም። ባለፈው ማክሰኞ፣ ጥናቱ አልቆ ሰው ከወጣ በኋላ፣ መስበኪያው ሰገነት ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት።»

«ሲጸልይ?»

«ሲለካ። በገመድ።»

«ምን ይለካል?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ቤት ሲሠራም ይለካል፣ ሬሳ ሲገንዝም ይለካል።»

የሮንጉር አባት ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ማንም አልነበረም። የመስበኪያው ሰገነት ከጥንት ጀምሮ ከፍ ያለ ነው፤ መወጣጫው አንድ ትልቅ ደረጃ ብቻ ስለሆነ እግር እስከ ጉልበት መነሣት አለበት። አጎንብሶ ፈለገ። በምሰሶው ሥር፣ ከደረጃው አንድ መዳፍ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር አገኘ። በአውራ ጣቱ አሸው፤ አልጠፋም። ሰው የራሱ ያልሆነውን የሚለካው ሊወርሰው ሲያስብ ነው ብሎ አሰበ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱም ከመንገድ መግባቷ ነበር።

«ሄጄ ጠየቅሁልህ» አለችው ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች። «ብልት ያወጣው ሂራስ ነው፣ የማሩዱት እህት ባል። ሲሊንዱንግ ሸለቆ ያደገ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ የእናት ወንድም ድርሻ ጎድን ነው። ክብር ነው። መንጋጋውን ለጎረቤት ሰጥቶታል። ዛሬ ስነግረው ላብ አጠመቀው፤ ሚስቱማ ቢላውን ደብቃበታለች።»

ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ስቆ ይተወው ነበር።

«ማሩዱትስ የት ነበር?»

«በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። የት ይሁን?»

«ሂራስ ደንባችንን አያውቅም እንበል። ማሩዱት፣ ሂራስ እንደማያውቅ አያውቅም?»

«በዚያ ሁሉ ግርግር?»

«የማያውቅን ሰው ቢላ ያስያዘ እሱ ራሱ አልቆረጠም። እጁ ንጹሕ ነው። ቢጠየቅ በር ላይ ነበርኩ ይላል።»

«አንተ ሰው፣ ዓሣ ብትሆን መንጠቆ ሳታይ ትሞት ነበር፤ ውሃው ራሱ ያጠምደኛል ብለህ።»

«ሰገነቱንስ ለምን ይለካል?»

የሮንጉር እናት ያወለቀችውን ጫማ ደግማ አስተካክላ አኖረች። ይህንን አየ።

«ታውቂያለሽ» አላት።

«ደረጃውን ዝቅ ሊያደርገው ነው። ያለፈው ጊዜ ስትወጣ ምሰሶውን ይዘህ መቆምህን አይቶ፣ ጉልበቱን ያመዋል እንዴ አለኝ። ያመዋል አልኩት። ቁመቱ ምን ያህል ይሁን ቢለኝ፣ የቤታችንን ደረጃ ለካ፣ እሱን ሳያማርር ይወጣዋል አልኩት።»

«በጉልበቴ ላይ ተማከራችሁ።»

«በደረጃው ላይ።»

«ሰው ሁሉ እንዲያይ። አለቃው መውጣት አቅቶት ሰገነቱ ጎነበሰለት እንዲባል።» ድምፁን አላነሣም። «ሁላችሁም ዶልታችሁብኛል። ስትማከሩ የሚነግረኝ የለም። ከእናንተ አንድ እንኳ ስለ እኔ የሚያዝን የለም።»

ሚስቱ ሩዙን ልታይ ተነሣች።

አርብ ለምሳ የካሳቫ ቅጠል በሥጋ ሠራች፤ ምላስ የሚያደነዝዘው ቅመም፣ አንዳሊማን፣ በዝቶበት፣ እሱ እንደሚወደው። ዝም ብሎ በላ። ጨመረችለት፤ ያንንም በላ። እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ማሩዱት በግቢው በር ገባ። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል። የሮንጉር አባት ይህንንም አየ፦ በአርብ ቀን የእሑድ ሸሚዝ።

ማሩዱት በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አጠገቡ አኑሮ ከታችኛው ደረጃ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የእህት ልጅ እንደሚቀመጠው።

«ቱላንግ» አለው። የእናት ወንድም በዚያ አገር እንዲህ ነው የሚጠራው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢላውን ሰጥቼ መሄድ አልነበረብኝም።»

«የምን ጥፋት?»

«የድርሻው ነገር።»

«እኔ ስለ ድርሻ ተናግሬያለሁ?»

«አልተናገሩም። ዝምታዎን ነው የሰማሁት።»

«ዝምታዬን ማን አደረሰልህ?»

ማሩዱት ወደ ወጥ ቤቱ ሊያይ ጀመረና ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። «ይህን ይዤ መጣሁ» አለ ጥቅሉን ወደ ፊት እየገፋ። «መንጋጋ ነው።»

«ከየት የመጣ?»

«ከባሊጌ ገበያ።»

«የገበያ መንጋጋ የገዛው ሰው ነው። ድርሻ የሚወጣው ከድግሱ እንስሳ ነው። አገር ከአንዱ አሳማ በልቶ፣ እኔ ለብቻዬ ከሌላ አሳማ?»

«እውነትዎን ነው» አለ ማሩዱት። «የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።»

አንዲት ጀልባ በሐይቁ ላይ አለፈች፤ ማዕበሏ ዳር እስኪደርስ ሁለቱም ጠበቁ።

«ቱላንግ፣ የእሑዱን ማስታወቂያ የማይወዱት ከሆነ አሁን ይንገሩኝ። እኔው ራሴ ለጸሐፊው ነግሬ እተወዋለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅም። እርስዎ ከለከሉ የሚልም አይኖርም።»

በለሆሳስ ነበር የተናገረው፤ ዓይኑንም ዝቅ አድርጎ። የሮንጉር አባት ቃሉን ከሌላ ሰው መረብ እንደወጣ ዓሣ አገላብጦ አየው። ተወው ቢል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ አጎቱ ከለከለው ይላል። ቀጥል ቢል፣ በገዛ አፉ ፈቀደ። በየትኛውም በኩል ቢወጣ መረቡ አለ። ይህን ልጅ መረብ መቋጠር ያስተማረው እሱ ራሱ ነው።

«ምንም የለኝም» አለ።

«ምንም?»

«የሚነበበው ይነበብ።»

ማሩዱት ሌላ ቃል የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሥቶ «ሥጋውን ልተወው ወይስ ልውሰደው?» አለ።

«አንተ ታውቃለህ።»

ይዞት ሄደ። የግቢው በር ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ የቤቱን ደረጃ አየ። ልኩን እያስታወሰ ነው፣ አለ የሮንጉር አባት በልቡ።

ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሳኦልን እንደ ጎረቤት ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ሰብኮታል፤ ሁልጊዜም ያልታዘዘው ንጉሥ ብሎ። በዚህ ሳምንት ግን ሌላ ሳኦል ይፈልግ ነበር። ከሳኦል ወገን ቆሞ የሰበከ ሰው ሰምቶ አያውቅም። አንድ ልጅ በገና ሊመታልህ ይመጣል፤ ከማዕድህ ይበላል፤ ልጅህን ያገባል፤ ወንዱ ልጅህ ካባውን አውልቆ ይሰጠዋል፤ ሴቶች እየዘፈኑ ከአንተ ያስበልጡታል። ይህን አይቶ የፈራ ሰው እብድ ነው? በመጨረሻስ ዙፋኑን የወሰደው ማን ሆነ? ስብከቱ ይህ ነበር። ስም አይጠራም። የሚገባው ይገባዋል፤ ከዚያ ማስታወቂያው ሲነበብ ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ለጥንቃቄ ሲል ከመጀመሪያው ጀመረ። ሳኦል የአባቱ አህዮች ጠፍተውበት አገር ለአገር ይዞራል። ነቢዩ ወደ አዳራሽ ያስገባዋል፣ ከተጠሩት ሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም ወጥ ሠሪውን ያን አስቀምጥ ብዬ የሰጠሁህን አምጣ ይለዋል። ወጥ ሠሪው ጭኑን አምጥቶ በሳኦል ፊት ያኖራል።

የሮንጉር አባት ይህን ቦታ ደግሞ አነበበው። ስንት ጊዜ አልፎበታል።

«ድርሻ ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም ሳይሰማው።

ገና ላልመጣ ሰው የተቀመጠ ድርሻ። ሳኦል አልጠየቀም። ድግስ መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ አህያ ነበር የሚፈልገው።

ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ቀጠለ። የሴቶቹ ዘፈን። ጦሩ። የወር መባቻው ግብር፤ ንጉሡ በግድግዳው በኩል ተቀምጦ፣ ማዕዱ ፊቱ ቀርቦ፣ ባዶውን የዳዊትን ወንበር ሲያይ። ቀጥሎ ንጉሡ ኮረብታ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ጦሩን በእጁ ይዞ ለአገልጋዮቹ ይናገራል። እዚያ ላይ ጣቱ ቆመ።

ሁላችሁም ዶልታችሁብኛል ይላል ንጉሡ። ልጄ ቃል ሲገባለት የነገረኝ የለም። ከእናንተ አንድ እንኳ ስለ እኔ የሚያዝን የለም።

ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ። ሚስቱ ሰሌን ላይ ሩዝ ታሰጣ ነበር፤ ወደ እሱ አልዞረችም።

መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ፣ ይህን ንባብ ማን መረጠው የሚል ነበር። ተነሥቶ ገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን የንባብ ሰሌዳ አየ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ታትሞ የመጣ ነው፤ ማሩዱት ገና ባታም ሳለ። ጭስ አጥቁሮታል፣ ዝንብ ነጥቦበታል። በጣቱ ዳሰሰው፤ የተፋቀ፣ የተለጠፈ ነገር የለውም። የሚጠረጥረው ሰው አጣ።

ከዚያ ወጣና «ያን ጎድን አውርጂው» አላት።

«የቱን?»

«ከምድጃው በላይ ያለውን። ቀቅይው። እንብላው።»

የሮንጉር እናት እጇን ከሩዙ አራገፈች። «በልተኸዋል እኮ።»

«መቼ?»

«አርብ። በካሳቫው ቅጠል። ጨምሬልህማል።»

«አጥንት አላየሁም።»

«አጥንቱን ለውሻው ሰጠሁት። እሱ ለማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።»

«ሁላችሁም…» ብሎ አፉን ከፈተ። የቀረው አልወጣም። ቃሉ የሌላ ሰው ነበር፤ ያን ንጉሥ ገና አሁን ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ ትቶት መጣ።

«ጣፍጦህ ነበር» አለችው።

«ጣፍጦኝ ነበር» አለ።

እሑድ ጠዋት ሊሰብክ ሲነሣ ደረጃው ዝቅ ብሎ ነበር። መዶሻ የሰማ የለም፤ ግን አዲሱ እንጨት በአሮጌው መሀል ያበራል። ያውቅ ነበር፣ ተነግሮታል፤ እግሩ ግን አያውቅም። እንደ ወትሮው እስከ ጉልበት አነሣው፤ ደረጃው በጠበቀበት ስለሌለ ወደ ፊት ወድቆ ምሰሶውን ያዘ። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ወጥመድ፣ አለው ልቡ። ሁለተኛውን እግር ሲያነሣ ግን ጉልበቱ ዝም አለ። ስንት ጊዜ ሲጮህ የነበረ ጉልበት ነው።

ያዘጋጀውን ስብከት ይዞ ነበር። ጀምሮም ነበር፦ በገና ይዞ ስለመጣው ልጅ። ከዚያ ወጥ ሠሪው ትዝ አለው፤ ወደ ኋላም ተመለሰ።

«ሳኦል ሦስት ማዕድ በላ» አለ። «በመጀመሪያው፣ ሳይመጣ በፊት ጭኑ ተቀምጦለት ነበር። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ፣ እኔ አላስተምራችሁም። ድርሻህን የሚያወጣው ቆራጩ ብቻ ከሆነ ቆራጩ ይሳሳታል። የሳኦልን ያስቀመጠው ግን ቆራጩ አልነበረም።»

ሂራስ ከኋላ አግዳሚ ላይ አንገቱን ቀበረ።

«በሁለተኛው ማዕድ ንጉሥ ሆኗል። ከፊቱ ምን ቀርቦ እንደነበር መጽሐፉ አይነግረንም። ሳኦልም የሚያውቀው አይመስለኝም። ወንበር ነበር የሚያየው፣ የሌላ ሰው ወንበር። በሦስተኛው» አለና ገጹን ገለጠ። «በሦስተኛው ከጠንቋይ ቤት ወለል ላይ ወድቆ ነበር። ሴትዮዋ ጥጃዋን አርዳ እባክህ ብላ እያለች ለመነችው። የነቢይ እጅ ያጎረሰው ሰው በጠንቋይ ቤት ተለምኖ በላ። በልቶ ተነሥቶ ሄደ። ደህና ሁን ያለው የለም። ዳዊት ከሳኦል ሰሀን አንዲት አጥንት አላነሣም። ማን አነሣበት ብዬ ሳምንቱን ሁሉ ፈለግሁ። ማንም የለም። ድርሻው እፊቱ ነበር፤ ዓይኑ ግን እዚያ አልነበረም።»

ከዚህ በኋላ የሚለው ጠፋው። «አሜን» ብሎ ወረደ። አጭር ስብከት ነበር።

ጸሐፊው ማስታወቂያ አነበበ፦ የታመሙ፣ የተጋቡ፣ የጣሪያው ጥገና። በመጨረሻ የማሩዱትን ስም ጠራና «ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር» አለ።

ዝም ተባለ። የሮንጉር አባት በሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጥርጣሬው አልሄደም፤ ሂድ ሊሉት እንደማይቻል ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። አርብ እተወዋለሁ ያለህ እንደማታስተወው ስላወቀ ነው አለው። ደረጃውንስ ሳይነግርህ በቅዳሜ ምሽት ለምን ሠራው አለው። በዚያው ቅጽበት ከውድቀቱ በኋላ የተለጠጠው ጉልበቱ ወጋው፤ እግሩን ሊዘረጋ ሲንቀሳቀስ አግዳሚው ጮኸ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ዞረ። ጸሐፊው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ማሩዱት ከሕዝቡ መሀል ዓይኑን ጨፈነ።

«ጉልበቴ ነው» አለ የሮንጉር አባት። «ቀጥል።»

ጸሐፊው ቀጠለ።

ምሳ በማሩዱት አዲስ ቤት ሆነ። ሰው ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ሰሀኑን ያመጣው ሂራስ ራሱ ነበር፤ የሮንጉር እናት እንደ ዘበኛ ከኋላው ትከተለዋለች። መንጋጋ ነው፣ የዚያው የዕለቱ አሳማ። በግራ በኩል ጫፉ ትንሽ ተቆርጦ ጎድሏል። የሮንጉር አባት ጉድለቱን አየ፤ የጎደለችው የት እንደሄደች ለማየት ዓይኑ ወደ ሌሎቹ ሰሀኖች ሊሄድ ሲል ያዘውና ወደ ፊቱ መለሰው።

ሰው ምርቃቱን ጠበቀ።

«ለዚህ ቤት የተቀመጠለት ይድረሰው» አለ። «በሉ እንግዲህ፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። አንዷ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

«ሂራስ» አለ፣ «እናንተ ዘንድ መንጋጋ ለማን ነው?»

«ለ... ለጎረቤት፣ ቱላንግ።»

«እንግዲያው ጎረቤቴ ነህ። ና።» ከመንጋጋው ጥሩውን ቆርጦ አጎረሰው። ሂራስ አፉ ሞልቶ እንባው እስኪመጣ ሲያኝክ የቶጋር አባት ሳቁን ለቀቀው፤ ከዚያ ወሬው ፈነዳ። በሲሊንዱንግ አንገት ለማን ነው፣ ጭራ ለማን ነው፣ የትኛው ሸለቆ ነው ከጥንት ደንቡን የያዘው እየተባለ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራ ጀመር። ማሩዱት ሩዝ እያዞረ ነበር። የሮንጉር አባት ጋ ሲደርስ ጨመረለት፤ ቀና ብሎ አላየውም፣ ቱላንግም አላለውም። ለምን ይሆን ዝም ያለው? የሮንጉር አባት ሩዙን በላ።

ቀጥሎ ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ፣ ማሩዱትም ሰሀኑን ትቶ ገባላቸው። ሰዉ ወደ እነሱ ዞረ። የሮንጉር አባት የቀረውን መንጋጋ በቅጠል ጠቀለለ፣ መሬቱን ተደግፎ ተነሣና በግድግዳው በኩል ወደ በሩ ሄደ። ጫማ ተከምሯል። አጎንብሶ የራሱን ከሥር አወጣ። አንዱን አጥልቆ፣ አንዱን በእጁ እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከውስጥ የሚስቱ ሳቅ ይሰማል፤ የቶጋር አባት ስለ አንገት አሁንም ይከራከራል። የጠራው የለም።

ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀና የተጠቀለለውን ድርሻውን ይዞ፣ ደረጃውን ወርዶ የሐይቁን መንገድ ያዘ።